ፒየዞ ዲስክ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ፦ ለምን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል?

ጥያቄ፦ ከኤሌክትሪክ ጊታሬ የአኩስቲክ ዓይነት ድምፅ ለማግኘት ፈልጌ 27 ሚሊ ሜትር ፒየዞ ዲስክ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር ስስ ሳህን) ገዛሁ። ጊታሩ የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው፣ ባለ ሞላ ትሬሞሎ (ዘንጉ ሲጫን የክሮቹን ውጥረት የሚለውጥ ብሪጅ) ነው። ዲስኩን ከኋላ ክዳኑ ሥር፣ እንጨቱ ላይ በደብል ቴፕ ለጠፍኩት። ለብቻው ወደ ሚክሰር ላይን ሳስገባው ቆርቆሮ የሚመታ ይመስላል፤ ባስ የሚባል የለውም። ከጊታሩ ቮሊውም ጋር ሳገናኘው ደግሞ የነባሮቹ ፒካፖች (ከክሮቹ ሥር ያሉት ድምፅ ተቀባዮች) ድምፅ ታፈነ። እጄ ጊታሩን በነካ ቁጥርም ኳ ኳ ይላል። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ዲስኩ ጤነኛ ነው። የገጠሙዎት ችግሮች ግን ምንጫቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሲስተካከል ሌላው አብሮ አይስተካከልም።

በታፈነው ድምፅ ልጀምር፤ ዛሬውኑ መነቀል ያለበት ሽቦ እሱ ነው። ፒየዞ ዲስክ በሽቦ በኩል ሲታይ ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚይዝ አካል ነው። የእርስዎን ዓይነት ባለ 27 ሚሊ ሜትር ዲስክ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) በሚለካ ቴስተር ቢለኩት 20 ናኖ ፋራድ አካባቢ ያሳያል። አሁን የጊታሩን ቶን ማዞሪያ ከሥሩ ይዩት። እዚያ የተበየደው ካፓሲተር ብዙውን ጊዜ 22 ወይም 47 ናኖ ፋራድ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ከፒካፖቹ ጋር ማያያዝ ቶኑን እስከ መጨረሻ ዘግቶ እዚያው እንደማሰር ነው። በማብሪያ ማጥፊያ ቢለዩትም ሁለቱ አንድ ላይ በተከፈቱ ቁጥር ያው ይሆናል። መፍትሔው ለፒየዞው የራሱን መንገድ መስጠት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ባሱ የጠፋው በሚክሰሩ መግቢያ ላይ ነው። የብዙ ሚክሰሮች ላይን መግቢያ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። 20 ናኖ ፋራድ ዲስክ 10 ኪሎ ኦም ሲሸከም ከ800 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። የጊታሩ ስድስት ክሮች ባዷቸውን ሲመቱ መነሻ ድምፃቸው ከ82 እስከ 330 ኸርዝ ነው፤ ሁሉም ከዚያ መስመር በታች ናቸው። የሚሰሙት ጩኸት የክሩ አናት ብቻ ነው፣ አካሉ ሚክሰሩ በር ላይ ቀርቷል።

ብዙዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክር «10 ሜጋ ኦም መግቢያ ያለው ፕሪአምፕ (ከሚክሰሩ በፊት የሚገባ ትንሽ ማጉያ) ይግዙ» የሚል ነው። ለእርስዎ ዲስክ አልስማማበትም። ያ ቁጥር የሚጠቅመው ከሳድል (ክሮቹ ብሪጁ ላይ ከሚያርፉበት ቁራጭ) ሥር ለሚገቡትና ካፓሲታንሳቸው 1 ናኖ ፋራድ ወይም ከዚያ በታች ለሆኑት ቀጫጭን ፒየዞዎች ነው። በማጉያው መግቢያ ላይ ያለው ሬዚስተር ከዲስኩ ጋር መመጣጠን አለበት፦ ለ20 ናኖ ፋራድ 220 ኪሎ ኦም፣ ለ10 ናኖ ፋራድ 470 ኪሎ ኦም፣ ለ1 ናኖ ፋራድ ደግሞ 4.7 ሜጋ ኦም። በሦስቱም ባሱ መሳሳት የሚጀምረው 35 ኸርዝ አካባቢ ነው። ከጊታሩ ዝቅተኛ ድምፅ በጣም ስለሚርቅ ሙዚቃውን አይነካም። በትልቅ ዲስክ ላይ 10 ሜጋ ኦም ቢያስገቡ ግን የእጅ ግፊቱና የመድረክ ርግጫው ሁሉ ወደ ስፒከሩ ይገባል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ።

አሁን ወደ ቦታው። ክራር ላይ ከሆነ ይህ ዲስክ በርኩማው አጠገብ ቢለጠፍ በደንብ ይሰማል፤ ቆዳው በክሩ ምት ይርገበገባላ። የእርስዎ ጊታር ግን ድፍን እንጨት ነው። ክሩ እንጨቱን የሚያንቀሳቅሰው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ እጅዎ ሲነካው ግን ከክሩ ይበልጥ ያናውጠዋል። ኳኳታው ከዚያ ይመጣል። ደብል ቴፑም ስፖንጅ ስላለው ቀጭኑን ንዝረት ይበላዋል። በዚያ ላይ ባለ 27 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ለማስጠንቀቂያ ጩኸት የተሠራ በመሆኑ 4 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ የራሱ ጩኸት አለው። ከጠንካራና ከባድ ነገር ጋር ካልተጣበቀ ያ ጩኸት በእያንዳንዱ ኖታ ላይ ይወጣል።

ቦታው ከብሪጁ ሥር ወደ ኋላ የሚወርደው የብረት ብሎክ ነው። የክሮቹ ጫፍ እዚያ ውስጥ ስለታሰረ ንዝረቱ በቀጥታ ይደርሰዋል። ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይሻላል። የትሬሞሎውን ዘንግ እስከ መጨረሻ ወደ ታች ሲጫኑ የብሎኩ ሥር ወደ ጊታሩ ጭራ ይሄዳል። ስለዚህ ዲስኩን በጭራው በኩል አይለጥፉት፤ ሞላዎቹ ባሉበት በአንገቱ በኩል ይሁን። ከመለጠፍዎ በፊት ዘንጉን በሁለቱም አቅጣጫ ገፍተው ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ መትረፉን ያረጋግጡ።

ሽቦው ከመለጠፉ በፊት ይበየድ። የናሱ ሳህን ግራውንድ ነው፣ መሐሉ ላይ ያለው ነጭ ክብ ደግሞ ምልክቱ የሚወጣበት። በነጩ ላይ ስስ የብር ሽፋን ስላለ የብየዳው ጫፍ ከ1 ሰከንድ በላይ አይቆይበት። ከቆየ ሊዱ ብሩን ይዞ ይነሳና ሥሩ ያለው ጠቆር ያለ ሴራሚክ ይታያል፤ እዚያ ላይ ዳግመኛ ሊድ አይዝም። ሲገዙት ሽቦ ካለው እሱን በ3 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ሺልድ ያለውን ገመድ እዚያ ላይ ይቀጥሉ።

ብሎኩን በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው በአልኮል ይጥረጉ። በናሱ ጀርባ ላይ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ አስስተው ይቀቡና ጠፍጣፋውን ወደ ብሎኩ አድርገው በጣት ለ1 ደቂቃ ይጫኑ። በመቆንጠጫ አይጨቁኑት፤ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ሆት ግሉም አይሆንም፤ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ከቴፑ ብዙም አይሻልም። ሲደርቅ ካፓሲታንሱን እንደገና ይለኩ። ከመለጠፉ በፊት 10 ናኖ ፋራድ ያሳይ የነበረው ወደ 6 ወይም 7 ከወረደ ሴራሚኩ ተሰንጥቋልና ይለውጡት። ደህና ከሆነ ነጩን ገጽ በፕላስተር ሸፍነው በላዩ የመዳብ ፎይል ይለጥፉና ፎይሉን ከግራውንድ ጋር ይበይዱት። ያለዚያ ዲስኩ አንቴና ሆኖ የመብራቱን ዝዝታ ይሰበስባል።

አንድ ነገር ይቀራል፦ ሞላዎቹ። ክሮቹን በመዳፍዎ አፍነው ብሪጁን መታ ሲያደርጉት ቅንን የሚል ድምፅ ከቀጠለ ሞላዎቹ ናቸው። በመሐላቸው ቁራጭ ስፖንጅ ይሰኩ፣ ወዲያው ይጠፋል።

ለማጉያው አንድ ቲኤል 071 አይሲና 9 ቮልት ባትሪ ይበቃሉ። ከዲስኩ 10 ኪሎ ኦም፣ ከዚያ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር፣ ከዚያ ወደ 3ኛው እግር። 7ኛው እግር ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ 4ኛው ወደ ግራውንድ፣ 2ኛውና 6ኛው እርስ በርስ። ሁለት 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ከፖዘቲቭ ወደ ግራውንድ በተከታታይ ይታሰሩና መገናኛቸው ላይ 10 ማይክሮ ፋራድ ወደ ግራውንድ ይበየዳል። ከዚህ መገናኛ ወደ 3ኛው እግር የሚሄደው ነው ከላይ ያልነው ተመጣጣኝ ሬዚስተር። ከ6ኛው እግር በ4.7 ማይክሮ ፋራድ፣ ፖዘቲቩን ወደ አይሲው አድርገው፣ ወደ ጃኩ ይወጣል፤ ከጃኩ ጫፍም 100 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ። አይሲው 1.4 ሚሊ አምፔር ገደማ ስለሚወስድ አንድ ጥሩ አልካላይን ባትሪ 300 ሰዓት አካባቢ ያገለግላል።

ለፒየዞው ሁለተኛ ጃክ ይክፈቱለት፣ ስቴሪዮ ይሁን። የባትሪውን ኔጋቲቭ በመሐለኛው ቀለበት ላይ ካሰሩት ተራ ገመድ ሲሰካ ባትሪው ይበራል፣ ሲነቀል ይጠፋል። ሁለቱንም ድምፅ በአንድ ስቴሪዮ ጃክ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ቀለበቱ በድምፅ ስለሚያዝ ባትሪው የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልገዋል፣ እሱም ተከፍቶ ያድራል። ስለዚህ ሁለት ጃክ እመርጣለሁ።

ነባሩ ጃክ ወደ ጊታር አምፕሊፋየር፣ አዲሱ ወደ ሚክሰር ይሂድ። ፒየዞውን በጊታር አምፕሊፋየር አይሞክሩት፤ ስፒከሩ ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ብዙም ስለማያወጣ የፈለጉት የአኩስቲክ ጥራት እዚያ ይቀራል። ሚክሰሩ ላይ የ80 ኸርዝ ሎው ከት (ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ የሚቆርጥ ማብሪያ) ካለ ይክፈቱት፣ ኳኳታውን ይበልጥ ይቀንሰዋል። ድምፁ አሁንም ጠንከር ካለ ከፍተኛውን አይንኩት፤ ሚዱን 2 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ወስደው 3 ወይም 4 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉ።