ስለ ፒኮኩ «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»፦ ከመክፈልሽ በፊት ውስጡን እዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ስህተት ትዝ አለኝና ትንሽ ላስረዝም ነው። የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የጄን ኦስተንን ልብ ወለድ «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ባለ ሥዕሉን፣ አረንጓዴ ሽፋኑ ላይ የወርቅ ፒኮክ (ጣዎስ ወፍ) ያለበትን «ልዩ እትም» ለጓደኛሽ ልደት ልግዛው ወይስ ብሬ ይቃጠላል ነው ያልሽው።

እኔም ለባለቤቴ ይህንኑ በኢንተርኔት አዝዤ ነበር። ሲደርስ ሽፋኑ ያብለጨልጫል። ገለጥ ሳደርገው ሥዕሎቹ የኮፒ ኮፒ የሆነ የቀበሌ መታወቂያ መስለዋል። የባሰው ደግሞ በድሮው እትም ምዕራፍ የሚከፍተው ፊደል በሥዕል የተሠራ ነበር፤ የእኔን ያተሙት ሰዎች ሥዕሉን ሲያወጡ ፊደሉም አብሮ ሄደ። እና ምዕራፉ የፊት ጥርሱ በወለቀ ቃል ይጀምራል! ባለቤቴ አመስግና ተቀበለችኝ፤ መጽሐፉ ግን ከመደርደሪያው ወርዶ አያውቅም።

ነገሩን ያጠናሁት ከተበላሁ በኋላ ነው። «ከመጀመሪያው እትም ሥዕሎች ጋር» የሚልሽን ሻጭ እለፊው። እ.ኤ.አ. በ1813 ለንደን ላይ በሦስት ቅጽ የወጣው የመጀመሪያው እትም ሥዕል ቀርቶ የደራሲዋ ስም እንኳ አልነበረበትም። በ1833 የወጣው ጥቂት ሥዕል ገባበት፤ ሴቶቹን ግን የ1830ዎቹን ፋሽን ነው ያለበሳቸው። ፒኮኩ የ1894 ነው፦ አሳታሚው ጆርጅ አለን፣ ሠዓሊው ሂዩ ቶምሰን፣ ሥዕሎቹ 160 ያህል። በዓመቱ ሌላው ሠዓሊ ቻርልስ ብሮክ ማክሚላን ለሚባለው አሳታሚ የራሱን ሣለ።

ቶምሰንን «አበዛው፣ አሽሞነሞነው» የሚሉ አሉ። እኔ እወደዋለሁ፤ መጽሐፉ የፍቅር ብቻ ሳይሆን የሳቅም መሆኑ ገብቶታል። ከርዕሱ ገጽ ፊት ለፊት ያስቀመጠውን ሥዕል ብቻ እዪ። ሠርጉን ወይም ጭፈራውን መምረጥ ይችል ነበር፤ የመረጠው ግን ከምዕራፍ 34 የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ኤልሳቤጥ የእህቷን የጄንን ደብዳቤዎች ስታነብ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፦ ደወሉ ይደወላል፣ ኩሩው ሀብታም ዳርሲ ይገባል፣ ያንን ጉደኛ የጋብቻ ጥያቄ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ጓደኛሽ ልብ ወለዱን አንብባው ከሆነ ደስ ይላታል። ካላነበበችው ግን ርካሹን ወረቀት ሽፋን ግዢላት፤ የኤልሳቤጥን መልክ መጀመሪያ ራሷ ትሣለው።

አሁን ወደ ግዢው። ሽፋኑን ተይውና የውስጥ ገጽ ፎቶ ጠይቂ፤ የብዕሩ ቀጭን መስመር ተለይቶ ካልታየ ይቅርብሽ። የሠዓሊው ስም ያልተጻፈበትን አትንኪ። ምዕራፎቹ 61 መሆን አለባቸው (በሦስት ቅጽ ከከፈሉት 23፣ 19 እና 19)፤ ካነሱ ያሳጠሩት ነው። ጀርባውን ከላይ በኩል እዪው፦ በጥራዝ በጥራዝ ታጥፎ የተሰፋ ከሆነ ዕድሜ አለው፣ በሙጫ ብቻ ከተለጠፈ በሁለተኛው ንባብ ገጹ ይረግፋል። ወርቁ እውነተኛ ይሁን አይሁን እኔን አያስጨንቀኝም።

የ1894ቱን ራሱን እሸጥልሻለሁ የሚልሽ ከመጣ ዋጋው ሌላ ዓለም ነው፣ ያንን ለሰብሳቢዎች ተዪላቸው። በጥንቃቄ የታተመ ቅጂው ለስጦታ ይበቃል። ሻጩ የውስጥ ገጹን ፎቶ ሲልክልሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።