ለፋሲካ መዝሙር ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ኦርጋን ስለማቀናጀት

የሐዋሳው ወንድማችን «24 ዘማሪ፣ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ትሮምቦንና በኦርጋን ድምፅ የምንጠቀምበት ኪቦርድ አለን። የፋሲካውን መዝሙር በኢ ሜጀር ስንለማመድ ትራምፔቶቹ ይሳሳታሉ፣ ኳየሩንም ይውጡታል» ብለህ ለጠየቅከው፦

ስህተቱ የኪዩ (መዝሙሩ የሚዘመርበት የድምፅ ከፍታ) ነው። ኢ ለጊታር ይመቻል። የተለመደው ትራምፔት ግን የቢ ፍላት መሣሪያ ስለሆነ ኖታው ከኪቦርዱ አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ተደርጎ ይጻፋል፤ በኢ ስትዘምሩ 6 ሻርፕ ይደርሰዋል። ወደ ኢ ፍላት አውርደው፤ ትራምፔቱ በኤፍ፣ በ1 ፍላት ብቻ ይጫወታል። ጊታሪስቱ ካፖውን (ክሮቹን የሚጫነውን መቆንጠጫ) 1ኛው ፍሬት ላይ አስሮ በዲ ቅርፅ ይምታ። የትሮምቦኑ ኖታ እንደሚሰማው ነው የሚጻፈው፣ አትቀይርበት። ከሁሉ በፊት ግን የኪቦርዱ ትራንስፖዝ (ኪውን በቁልፍ የሚቀይረው) ዜሮ ላይ መሆኑን እይ።

ትራምፔቶቹ ኳየሩን የሚውጡት ከሶፕራኖ ጋር ያንኑ ዜማ ከዳር እስከ ዳር ስለሚነፉ ነው። ቃሉ አይሰማም፤ የመጨረሻው ቨርስ ሲደርስም ከንፈራቸው ዝሏል። መግቢያውን 4 ባር ነፊዎቹ ይያዙት፤ 1ኛው ቨርስ የኳየርና የኪቦርድ፣ 2ኛው የወንዶች ብቻ ከትሮምቦን ጋር በለሆሳስ። 3ኛውን ያለ አጃቢ ዘምሩት፤ ኳየሩ ከድምፁ እየወረደ የሚያስቸግር ከሆነ ኪቦርዱ በቀስታ አንድ ኢ ፍላት ይያዝላቸው፤ አለዚያ ነፊዎቹ ሲመለሱ የኳየሩ ጉድ ይወጣል። ቀጥሎ 4 ባር መሸጋገሪያ፣ በሲ ሰቨን ኮርድ አልቆ ወደ ኤፍ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ኳየሩ በሙሉ ዜማውን ብቻ ይዘምር፤ 1ኛው ትራምፔት ዴስካንት (ከዜማው በላይ የሚሄድ ሌላ ዜማ)፣ 2ኛው የአልቶውን መስመር፣ ትሮምቦኑ ቤዙን። «አራቱ ድምፅ የት ሄደ?» የሚል አይጠፋም። ይህ ሁሉ ናስ ሲነፋ ግን አልቶና ቴነር የሚሰሙት ለራሳቸው ብቻ ነው።

መዝሙሩ በትዝታ ሜጀር ከሆነ ዴስካንቱ ከአምስቱ ኖታ አይውጣ፤ 4ኛውና 7ኛው ኖታ (በዶ ሬ ሚ አቆጣጠር «ፋ» እና «ሲ») ሲገቡበት ጣዕሙ ይጠፋል።

ኪቦርዲስቱ ሰስቴን ፔዳል (ድምፁን የሚያስረዝመውን) አይርገጥ፣ በኦርጋን ድምፅ ላይ ኮርዶቹ ይጨማለቃሉ። ኳየሩ ሲተነፍስ እሱም እጁን ያንሳ።

ቅኝቱን ባዶ አዳራሽ ውስጥ በማለዳ ጨርሳችሁ አትቀመጡ። ሕዝብ ሲሞላ ይሞቃል፤ አየሩ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ናሱ የግማሽ ቶን ሲሶ ያህል ይወጣል፣ ኪቦርዱ ግን ንቅንቅ አይልም። 10 ደቂቃ ከነፉ በኋላ ኪቦርዱ ቢ ፍላት ይያዝ፣ ትራምፔቱ ሲ ይንፋ። ከፍ ካለ ዋናው ስላይድ (ለቅኝት የሚሳበው ቱቦ) ይሳብ፤ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሳብ ቱቦው በሁለቱም ክንድ ስለሚረዝም የግማሽ ቶን ሩብ ያህል ይወርዳል። የምትዘምሩት ከስብከት በኋላ ከሆነ መሣሪያው ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል፤ ሰባኪው አሜን ሳይል ድምፅ ሳያወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ያሳልፉበት።