የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የውስጥ በር እጀታና ቁልፍ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ያለውን ቤታችንን እያደስን ነው። በሮቹ ጤነኛ ስለሆኑ የሰባቱን እጀታ ብቻ ለመቀየር አስበን ለሙከራ ሁለት ገዛን። አናጺው ሲገጥመው እጀታው ልክ ሲመጣ የቁልፉ ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ቀረ። ሻጩ «ለሁሉም በር ይሆናል» ብሎን ነበር። ምን ለክተን እንግዛ?

መልስ፦ ለሁሉም በር የሚሆን ረጅም ሳህን (በሩ ላይ የሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት) ያለው እጀታ የለም። ልኩን የሚወስነው በበሩ ጎን ውስጥ የተቀበረው የቁልፍ ቤት ነው። ከእጀታው ዘንግ (ሁለቱን እጀታዎች በበሩ ውስጥ ከሚያገናኘው ብረት) መሃል እስከ ቁልፍ ቀዳዳው መሃል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ይለኩ፤ ሲሊንደር ያለው ከሆነ እስከ ክቡ ክፍል መሃል ነው። በጀርመን ልክ የተሠራ የውስጥ በር ቁልፍ 72 ይሆናል፣ በጣሊያን ልክ የተሠራው ብዙ ጊዜ 90፤ 85ም የተለመደ ነው። የእናንተ ችግር እዚህ ላይ ነው፦ 72 ላይ 85 ተገዝቷል ወይም ተገላቢጦሹ። ሰባቱም አንድ ናቸው ብላችሁ ግን አትገምቱ፤ አሮጌ ቤት ውስጥ አንዱ በር ቀድሞ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱን ለኩ።

ሌላ ሁለት ልክ ጻፉ። አንደኛው ከበሩ ጠርዝ እስከ ዘንጉ መሃል ያለው ነው (45፣ 50፣ 55 ወይም 60)፤ የቁልፉን ቤት ጭምር ለመቀየር ከወሰናችሁ ይህ ካልገጠመ በሩ በመሮ እንደ አዲስ ይፈለፈላል። ሁለተኛው የበሩ ውፍረት ነው። በእጀታው ካርቶን ላይ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው፤ በሩ ከዚያ ከወፈረ ዘንጉ ያጥራል፣ እጀታው በጥቂት የብሎን ክር ብቻ ተይዞ በወሩ ይላቀቃል። ከሁሉም የሚሻለው አንዱን የቁልፍ ቤት ነቅሎ በፌስታል ይዞ መርካቶ መውረድ ነው።

የተገዙት ሁለቱ ካልተመለሱ፣ ለቀሩት አምስቱ ክብ ሽፋን ያለውን ዓይነት እዩት። የእጀታውና የቁልፉ ሽፋን ለየብቻ ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ርቀት አያሳስብም። እንከኑ የአሮጌው ሳህን ጠባሳ ነው፦ የብሎን ቀዳዳዎቹና ቀለም ያልነካው ቦታ ይገለጣሉ። በሩ ዳግመኛ የሚቀባ ከሆነ ይህን ይምረጡ፤ ካልሆነ አሮጌውን የሚሸፍን ሰፋ ያለ ሳህን ያዋጣል።

በሩ ውስጡ ባዶ የሆነ የኮምፔርሳቶ በር ከሆነ አጭር ብሎን ብቻ አይበቃም፤ ስስ እንጨቱን ይዞት ይወጣል። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አልፎ የሚታሰር ብሎን ያለውን እጀታ ይጠይቁ። ደግሞም እጀታው ወደ ታች የሚያዘነብለው ብዙ ጊዜ በቁልፉ ቤት ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ስለደከመ ነው። በደከመ ስፕሪንግ ላይ ከባድ እጀታ ማንጠልጠል ችግሩን ያባብሳል፣ ስለዚህ ወይ የራሱ ስፕሪንግ ያለው እጀታ ይግዙ፣ ወይ ቁልፉን አብረው ይቀይሩ። አንድ ትርፍም ይያዙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ቀለም ማግኘት ይቸግራል።

ጥያቄ፦ የመታጠቢያ ቤታችን እጀታ በስድስት ወሩ ተላጠ። ስቴንለስ መሆኑን በማግኔት አረጋግጠን ነበር፣ አልሳበም።

መልስ፦ ማግኔት አለመሳቡ ተራ ብረት አለመሆኑን እንጂ ስቴንለስ መሆኑን አያረጋግጥም። በክሮም የተለበጠ የዚንክ ቅይጥም ሆነ አሉሚኒየም አይሳብም፤ የእርስዎም ከዚያ ወገን ይመስላል፣ ስቴንለስ ልባጥ ስለሌለው አይላጥምና። ሲገዙ የሳህኑን ጀርባና የብሎን ቀዳዳውን ውስጥ ይመልከቱ፤ ፊቱ አብረቅርቆ ጀርባው ደብዛዛ ግራጫ ከሆነ ልባጥ ነው። በረኪና የነካው ጨርቅም ልባጡን ይበላል፣ ስቴንለስንም ቢሆን ይቦረቡረዋል፤ በውኃ አጥበው ያድርቁት። ለዚህ በር ከውጭ በሳንቲም የሚከፈተውን ዓይነት ይምረጡ፤ ሕፃን ውስጥ ቆልፎ ሲቀር በር አይሰበርም።

ጥያቄ፦ ክረምት በገባ ቁጥር የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ ይላል። አናጺው ሊላገው ነው፤ ይላግ?

መልስ፦ በሐምሌ አያስልጉት። የታመቀ እርጥበት ያበጠው እንጨት በኅዳርና በታኅሣሥ መልሶ ይሰበሰባል፤ የተላገው ግን አይመለስም፣ ክፍተት ይቀራል። በመጀመሪያ በሩን ገርበብ አድርገው በእጀታው ወደ ላይ ያንሱት። ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የማጠፊያው ነው፣ በተለይ የላይኛው። ብሎኑን አውጥተው ቀዳዳውን ኮላ በተቀባ ስቴኪኒ ይሙሉት፣ እንዲደርቅ ሌሊቱን ይተዉት፣ ትርፉን ቆርጠው 4 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብሎን በ2.5 ሚሊ ሜትር ይብሱት። ካልተንቀሳቀሰና ምላሱ መቃኑ ላይ ያለውን ብረት ብቻ የሚነካ ከሆነ የብረቱን ቀዳዳ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር በሞረድ ማስፋት ይበቃል። በጋ ሲደርስ የበሩን የላይና የታች ጠርዝ ይመልከቱ፤ ቀለም ቀቢዎች ስለማይታይ ይዘሉታል፣ እርጥበቱ የሚገባው በዚያ ነው። ደርቆ ሳለ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ያስቀቡት።