ለተሰበረ ብርጭቆ ደመወዝ ይቆረጣል?
ጅማ ውስጥ ሆቴል የምትሠሪው ጠያቂያችን፣ ሆቴሉ ለተሰበረ ብርጭቆ የወር ደመወዝሽን ግማሽ መቁረጥ ይችል እንደሆነ ጠይቀሻል። አይችልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የአንቺ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ ቢኖር እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝሽ ሲሶ አይበልጥም።

መጀመሪያ የሥራ ደንቡን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፤ «እዚህ ልማዱ ነው» ማለት ደንብ አይደለም። ከዚያ ገንዘቡ እንዲመለስልሽ በጽሑፍ አመልክቺና ቅጂውን ያዢ። እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት ትከሻለሽ። አትዘግዪ፤ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል።

የደመወዝ መዝገቡ ላይ ሙሉ ደመወዝ ተጽፎ እጅሽ የገባው ግማሽ ከሆነ ግን እንዳትፈርሚ። እውነት ይዞ በገዛ ፊርማው የተረታ ሠራተኛ አይቻለሁ።