«አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም»

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አባቴን ደሴ ከቀበርን 4 ወር ሆነን። ድንኳን ያስተከልኩት፣ ከቅሬው (ከዕድሩ) ጋር የተነጋገርኩት፣ ለቀስተኛ ያስተናገድኩት እኔ ነኝ። አንድ ጠብታ እንባ ግን አልወጣኝም። አክስቴ «ልቡ ድንጋይ ነው እንዴ?» ስትል ሰማኋት። አሁን ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ምንም» እላለሁ፤ ግን በትንሽ ነገር እየተናደድኩ ልጆቹ ላይ እጮሃለሁ። ወደ ደሴ ስሄድ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ደግሞ ጉሮሮዬ ይታነቃል። አባቴን አልወደውም ነበር ማለት ነው? ጓደኛዬ «ሜዳ ወጥተህ ጩህ፣ የሆነ ነገር ደብድብ፣ ይወጣልሃል» ይለኛል። ልሞክረው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈጣሪ ያጥናችሁ። መጀመሪያ የጨነቀህን ልመልስልህ። አይደለም፤ ስላላለቀስክ አባትህን አትወደውም ነበር ማለት አይደለም። ሐረጎ ላይ ጉሮሮህን የሚያንቅህ ምን ይመስልሃል? ወደ አባትህ ቤት የሚወስደው መንገድ ነው።

ስሜት አንድ ነገር ነው፣ ስሜትን ማሳየት ሌላ። ፖል ኤክማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር «የማሳያ ደንብ» ያለው ነገር አለ፤ የት፣ ማን ፊት፣ ምን ያህል ስሜት ማሳየት እንዳለብን ከልጅነታችን ጀምሮ እንማራለን ማለት ነው። የእኛን ደንብ ታውቀዋለህ። ሴቷ ደረት ትመታለች፣ ሙሾ ታወርዳለች። ታላቅ ወንድ ልጅ ግን ወገቡን አስሮ ድንኳኑን፣ ውሃውን፣ እንግዳውን ይመራል፣ ሲያለቅስ ከታየም «አንተማ በርታ እንጂ» ይባላል። እናም በረታህ። የታዘዝከውን አድርገህ ስታበቃ ልበ ድንጋይ መባልህ እኔን አሳዝኖኛል።

ችግሩ መበርታቱ አላበቃም፤ 4 ወር ሙሉ ቀጠለ። መደበቅ ደግሞ በነጻ አይደለም። ጄምስ ግሮስ እና ሮበርት ሌቨንሰን በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 180 ሴቶች ፊልም አዩ፤ ከፊሎቹ የተሰማቸውን ፊታቸው ላይ እንዳያሳዩ ተነገራቸው። ፊታቸውን መቆጣጠር ቻሉ። ከሚያሳዝነው ፊልም በኋላ ግን ሐዘናቸው ከሌሎቹ አላነሰም፣ ልብና የደም ሥራቸው ላይ ደግሞ ውጥረቱ ጨመረ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ተወጥሮ የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ ልጅ ብርጭቆ ቢሰብርበት የሚሆነውን አንተው ነግረኸኛል። ያ ቁጣ በልጆቹ የመጣ አይመስለኝም።

የጓደኛህን ምክር ግን ተወው። ብራድ ቡሽማን የተባለ ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የተናደዱ ሰዎችን የቦክስ መለማመጃ ከረጢት እንዲደበድቡ አደረገ፤ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የመቱት ይበልጥ ተናደዱ እንጂ አልበረደላቸውም።

ይልቅ ለስሜቱ ስም ስጠው። «ምንም» ስም አይደለም። አማርኛችን እኮ በዚህ ሀብታም ነው፦ ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ተላወሰ፣ ቅስሜ ተሰበረ፣ ሆድ ባሰኝ። ሰዎቻችን ስሜትን ሆድና አንጀት ውስጥ ያስቀመጡት ዝም ብለው አይመስለኝም። የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 701 ሰዎች እያንዳንዱ ስሜት ሰውነታቸው ላይ የት እንደሚሰማቸው በቀለም እንዲያመለክቱ ቢጠየቁ፣ የአውሮፓና የታይዋን ሰዎች ሥዕል ተመሳሰለ። ስለዚህ «ምን ተሰማኝ?» የሚለው ከከበደህ «የት ተሰማኝ?» ብለህ ጀምር። አንተ ጉሮሮህን ደርሰህበታል።

መናገር ካቃተህ ጻፍ። ጄምስ ፔኒቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ቀን፣ ከባድ ገጠመኛቸውን ከተሰማቸው ስሜት ጋር እንዲጽፉ አደረገ። በጻፉበት ዕለት ተከፉ፣ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ መመላለሳቸው ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ያነሰ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ቢብስብህ አትደንግጥ። ለማንም አታሳየው፣ ከፈለግክ ቅደደው። ስለ ፊደሉ አትጨነቅ።

ልጆቹን ደግሞ ይቅርታ ጠይቅ። «አባባ ስለሞተ ከፍቶኝ ነው፣ እናንተ አላጠፋችሁም» በላቸው፤ ይገባቸዋል። እንቅልፍ ወይም ምግብ እንቢ ካለህ ግን ሐኪም ቤት ሂድ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቅ። መኖር አስጠልቶህ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሂድ።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ በሚቀጥለው ደሴ ስትወጣ አብራህ ትሂድ። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲጀምርና ጉሮሮህ ሲታነቅ እጇን ያዝና «ይኸው፣ አሁን መጣብኝ» በላት። ሌላ ማብራሪያ አይጠበቅብህም፤ 4 ወር ሙሉ ስትጠይቅህ የነበረውን ያኔ ትሰማዋለች።