ጫካውን ማን ተከለው?

ጥያቄ፦ «ውድ መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪው ልጄ ሃዋይ ከባሕር ሥር በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተፈጠረች ደሴት እንደሆነች ተምሮ መጣ። ‹ታዲያ ጫካውን ማን ተከለው?› ሲለኝ መልስ አጣሁ። ደግሞ እዚያ የምትኖረው እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ የአበባ ችግኝ ላምጣልሽ ትለኛለች። ታምጣ?» (እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ልጅዎን ሳሙልኝ፤ ጥያቄው በጣም ደስ ብሎኛል።

እኔ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። የግቢያችን አጥር ጥቁር ድንጋይ ነው። አሸንዳው በሚያንጠባጥብበት በኩል፣ ከድንጋዮቹ መሃል አንድ ፈርን (አበባ የማያወጣ፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ ተክል) በቅሏል። ማንም አልተከለውም። ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው ቡናማ ነጠብጣብ በተርታ ተደርድሮበታል። ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንዱን ቅጠል ቆርጬ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኛሁትና ሳህን ደፋሁበት። ጠዋት ሳነሳው የቅጠሉ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ በቡናማ ብናኝ ታትሟል። እፍ ስለው በነነ። ብናኙ ስፖር ይባላል፤ ፈርን የሚራባው በእሱ ነው። ነፋስ አንሥቶ ባሕር ያሻግረዋል። ከልጅዎ ጋር ይሞክሩት።

ይህ በዓይን የታየ ነገር ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ክራካቶዋ እ.ኤ.አ. በ1883 ፈንድቶ ከደሴቱ የተረፈውን በትኩስ አመድ ቀበረው። ከሦስት ዓመት በኋላ ትሩብ የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ሄዶ ሲያይ፣ አመዱን ስስ አልጌ (እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደሚታየው አረንጓዴ ሽፋን) ለብሶታል፤ በላዩ ላይ በብዛት የበቀለው ፈርን ነበር። የባሕር ዳርቻውን ውኃ ያመጣቸው ዘሮች ያዙት። የሾላ ዘመዶች ደግሞ በወፍና በሌሊት ወፍ ሆድ ተሳፍረው ደረሱ። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ ደን ሆነ።

ሃዋይ ግን በጣም ሩቅ ናት። ከቅርቡ አህጉር ወደ 3,800 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ስለዚህ እዚያ የደረሰው ጥቂት ነው። የቀዘቀዘ ላቫ (ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ) ስንጥቅ ውስጥ ቀድመው ሥር ከሚሰዱት ዛፎች አንዱ ኦሂያ ነው። አበባው ቀይ፣ ክር ክር ያለ ነው። ዘሩ ነፋስ እስኪወስደው ድረስ ቀላል ነው። ጫካው ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ግንድ ያለው ፈርን አለ። የኦሂያ ዘር ብዙ ጊዜ እዚያ ግንድ ላይ ይበቅልና ሥሩን ወደ መሬት ያወርዳል። ፈርኑ ልክ እንደ ሞግዚት አዝሎ ያሳድገዋል።

ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ ሄደው ከሆነ ጅብራን ያውቁታል። ሃዋይ ውስጥ ከ120 በላይ የጅብራ ዘመዶች አሉ። ሁሉም ድሮ ከደረሰ ከአንድ መጤ ተክል እንደወረዱ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። የእንጆሪ ዘመድም አላቸው፤ እሾሁ የለም ማለት ይቻላል። የእኛ የጫካ እንጆሪ እጅ ይቧጭራል። እዚያ ግን ሰው ከመምጣቱ በፊት ፍየልም አሳማም አልነበረም። ከማን ይከላከል?

ስለ ችግኙ ግን እለምንዎታለሁ፣ አታምጣ። ታሂቲም እሳተ ገሞራ የፈጠራት ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1937 ሚኮኒያ የሚባል ተክል ለቅጠሉ ውበት ሲባል ብቻ እዚያ ገባ። ዛሬ ከደሴቲቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ ወርሯል። ጥላው ከሥሩ ሌላ አያበቅልም። ምን ሩቅ አስኬደን? ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በዚያ ላይ ከችግኙ ጋር አፈር አለ፤ አፈሩ ውስጥ ያለውን በሽታ በዓይን አያዩትም።

እህትዎ የኦሂያን አበባ በቅርብ ፎቶ አንሥታ ታምጣ። ለልጅዎ የሚሆን ፈርን ከፈለጉ ደግሞ የእኔ አጥር አለ።