በማጭድ የተቆረጠ ጅማት፣ ከሰባት ወር በኋላ

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ። ኅዳር ላይ ማሽላ ስቆርጥ ማጭዱ የግራ እጄን ቀለበት ጣት ሥሩ ላይ ቆረጠኝ። ጤና ጣቢያ ተሰፍቶልኝ ቁስሉ ዳነ። ጣቱ ግን አልታጠፍ አለኝ፤ ይኸው ሰባት ወር ሆነው። በኦፕራሲዮን እንደ በፊቱ ይሆንልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽሩ፤ ጊዜው አላለፈም። ግን «እንደ በፊቱ» ብዬ ቃል አልገባልዎትም።

ቀለበት ጣትዎን የሚያጥፉት ሁለት ጅማቶች ናቸው። ጅማት ሲቆረጥ ጫፉ ወደ መዳፍ ይሸሻል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢደረስበት ሁለቱ ጫፎች በቀጥታ ይሰፋሉ። አሁን ግን ጫፉ አጥሯል፣ መተላለፊያውም በጠባሳ ተጣብቋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሁለት ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቀጭን የሲሊከን ዘንግ ይገባና ሦስት ወር ገደማ ይቆያል፤ በዙሪያው ለስላሳ መንገድ ይሠራል። ከዚያ ዘንጉ ወጥቶ ከራስዎ የተወሰደ ጅማት በቦታው ይገባል። አውራ ጣትዎንና ትንሿን ጣት አገናኝተው አንጓዎን ወደ ውስጥ አጠፍ ያድርጉት። መሐል ላይ እንደ ገመድ የሚወጣው፣ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እሱ ነው። እጅዎ ያለ እሱም ይሠራል። እሱ የሌለው ሰውም አለ፤ ያኔ ከእግር ይወሰዳል።

ውጤቱን በብዛት የሚወስነው ጣቱ አሁን ያለበት ሁኔታ ነው። በቀኝ እጅዎ ይዘው ሲያጥፉት መዳፍዎን ይነካል? ከነካ ተስፋው ጥሩ ነው። ከደረቀ ግን ቅድሚያ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ የደረቀ መገጣጠሚያ ላይ አዲስ ጅማት ቢገባ ዋጋ የለውም። የጣቱ ጎንና ጎን ከደነዘዘም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ነርቩም ተቆርጦ ይሆናል።

እምቢ ያለው የጣቱ ጫፍ ብቻ ከሆነ፣ መሐሉ በደንብ እየታጠፈ ከሆነ፣ እኔ ቢተው እመርጣለሁ። ያለዎትን እንዳያጡ እሰጋለሁ።

ከተሳካ የመጥረቢያ እጀታ ጨብጠው መያዝ ይችላሉ፤ የጣቱ ጫፍ ግን መዳፍ ላይ ላይደርስ ይችላል። ጅማቱ መልሶ የሚጣበቅበት ሰው አለ፤ ያኔ ማላቀቂያ ሌላ ኦፕራሲዮን ይመጣል። አንዳንዴም ይበጠሳል፣ በተለይ ቶሎ ሥራ ለጀመረ ሰው። ጅማቱ ከሚገባበት ከሁለተኛው ኦፕራሲዮን በኋላ ስድስት ሳምንት ገደማ ምንም ነገር በኃይል አይጨብጡም፤ ሞፈርና ማጭድ ለመያዝ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ቀጠሮው አጨዳ ላይ እንዳይውል፣ ቤተሰብዎም ሥራውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ይምከር።

ደሴ ሄደው ለአጥንት ሐኪም ይታዩ፤ እጅ ላይ የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሪፈር እንዲጽፍልዎት ይጠይቁት። ወጌሻ በኃይል እንዳያጥፈው። እስከዚያው ራስዎ በቀኝ እጅዎ ቀስ አድርገው ያጥፉት፣ ይዘርጉት፤ ቡና ላይ ተቀምጠው፣ ከአቦል እስከ በረካ።